የአበባ ወራትና አዲስ ቤት በጅቡቲ

አማርኛን የሚማር ሰው ስለ ዓመቱ ወራት በሚያነብበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ያደናግረዋል። በአውሮፓ መጻሕፍት ምድር አበባ የምትለብሰው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ተርጓሚዎችም ያን ጊዜ «ጸደይ» ይሉታል። በእኛ አቈጣጠር ግን ዓመቱ በአራት ሲከፈል ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደጋ በአበባ የሚሸፈነው ፈረንጆች እንደሚሉት በመጋቢት ሳይሆን፥ ዝናሙ አባርቶ ሰማዩ በሚጠራበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን «ዘመነ ጽጌ» ትለዋለች። ጽጌ ማለት በግዕዝ አበባ ማለት ነው።

በዘመነ ጽጌ የሚታሰበው የአበባ ውበት ብቻ አይደለም። እመቤታችን ድንግል ማርያም ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ቍጣ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ጉዞ አብሮ ይታሰባል፤ ካህናትና መዘምራንም «ማኅሌተ ጽጌ» የተባለውን ድርሰት በሌሊት ቆመው ያደርሳሉ። አባቶች አበባንና ስደትን በአንድ ወራት አጣምረው ማሰባቸው ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የራሱ ወገን በሰው አገር አዲስ ጎጆ ሲወጣ ያየ ሰው፥ ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለመረዳት አይቸግረውም። እኔም ይህን የተረዳሁት በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እናታችንን ይዤ ታናሽ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ጅቡቲ ከተማ በወረድሁ ጊዜ ነው።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አንባቢ ሁለት ቃላት እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። የመጀመሪያው የአበባ ስም ነው። በመስከረም ደጋውን ቢጫ የሚያለብሰው አበባ በአማርኛ «አደይ አበባ» ይባላል። የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በሆነው በትግርኛ ግን ስሙ «ገልገለ መስቀል» ነው። በትግርኛ «አደይ» ማለት ደግሞ «እናቴ» ማለት ነው። ስለዚህ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አማርኛን የተማርን የትግራይ ልጆች «አደይ አበባ» የሚለውን ቃል ስንሰማ በልባችን የሚታየን የእናት አበባ ነበር። የአማርኛው ቃል ከዚህ ጋራ ዝምድና ይኑረው አይኑረው ሊቃውንት ይፈርዱታል፤ ጆሮ ግን የለመደውን አይተውምና፥ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን አበባ ባየሁ ቍጥር እናቴ ይታሰቡኛል።

ሁለተኛው ቃል «ቤት ለእንቦሳ» የሚለው ነው። እንቦሳ ማለት ገና የተወለደ ጥጃ ነው። አንድ ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ፥ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ የገባ እንደ ሆነ፥ ሊጠይቀው የመጣ እንግዳ ደጃፉን ሲረግጥ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቤት ላም የምትወልድበት፥ ወተት የማይታጣበት፥ ሀብትና ዘር የሚበዛበት ይሁን ማለት ነው፤ መልሱም በረከቱ ለእናንተም ይድረስ የሚል ነው። በከተማ ላም የሌለው ሰው፥ በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር እንኳ ቢሆን፥ ይህ ቃል አይቀርበትም። ያልተባለለት ሰው ግን ግድግዳውና ጣራው ቢኖሩትም ቤቱ ገና ቤት ያልሆነ ይመስለዋል።

እኅቴ ያገባችው የጎጃም ሰው ነው። ባልዋ በጅቡቲ ወደብ ለሚገባና ለሚወጣ ዕቃ ሰነድ የሚያስፈጽም ትራንዚተር ነው። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በዚያ ወደብ በኩል ስለሚያልፍ፥ እንደ እርሱ በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በከተማይቱ ይኖራሉ። እርሱ አስቀድሞ ሄዶ ለብቻው ጥቂት ጊዜ ከኖረ በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. እኅቴ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዛ ተከተለችው። እናታችን በዚያን ጊዜ ከእኔ ጋራ በአዲስ አበባ ይኖሩ ነበር። ልጅቱን በእቅፋቸው ያሳደጉ ስለ ሆኑ መለያየቱ እጅግ ከበዳቸው። ዝናም በማይዘንብበት፥ ሣር በማይበቅልበት አሸዋ ላይ ልጅ እንዴት ያድጋል እያሉ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድሩ ነበር።

አንድ ቀን እኅቴ በስልክ፥ «እማዬ፥ አዲስ ቤት ገብተናል፤ ቤት ለእንቦሳ አይሉንም ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናታችን አማርኛን የተማሩት ከሸመገሉ በኋላ ነው፤ እንዲህ ዐይነቱን ቃል እንደ ተራ ሰላምታ ሳይሆን እንደ ምርቃት ስለሚቈጥሩት በከንቱ አይጥሉትም። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ቤት ስትሠሪ እልሻለሁ፤ ያ ማረፊያ ነው» አሏት። እኅቴ ሳቀችና ወሬውን ወደ ሌላ ነገር መለሰችው። ከዚያ በኋላ ግን በደወለች ቍጥር የእናታችንን መምጣት አጥብቃ ትለምን ጀመር። እኔም ለምን እንደምትፈልጋቸው ዐወቅሁ።

የሄድነው በባቡር ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ሁለቱን ከተሞች ሲያገናኝ ኖሮ በእርጅና ስለ ደከመ፥ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሄደው አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፥ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሮ ነበር። መንገዱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናታችን በዋዜማው ከእንጦጦ ግርጌ አደይ አበባ አስመጥተው፥ ግንዱን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፥ በላዩ ላይ ነጠላ ጣል አድርገው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ተሳፈሩ። በየጣቢያው ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ ጅቡቲ ግን ከባሕሩ ጋራ እኩል ናት። ያን ሁሉ ቍልቍለት አበባው ከእኛ ቀድሞ ዐወቀው። አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ገና ቀና ብሎ ነበር። ከአዋሽ በኋላ ቅጠሉ ላላ፤ ድሬዳዋን ካለፍን በኋላ ደግሞ አንገቱን ደፋ። በደወሌ ወሰኑን ተሻግረን፥ በጅቡቲ ከተማ አጠገብ ናጋድ ከተባለው ጣቢያ በወረድን ጊዜ ቢጫው ብቻ ቀርቶ ሕይወቱ አልፎ ነበር። እናታችን አበባውን ገለጥ አድርገው ተመለከቱና፥ «ይህስ ብልህ ነው፤ አገሩን ያውቃል» አሉ። ነገሩ ለአበባው ብቻ እንዳልተነገረ ሁላችንም ገባን።

ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች፥ ፈረንሳዮች በ1880 ዓ.ም. የቈረቈሯት ከተማ ናት። አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ሲዘንብ፥ በዚህች ከተማ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኀምሲን የሚባለውም ነፋስ ከበረሓ አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ጥቅምት ሲገባ ግን ሙቀቱ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሚያዝያ ድረስ አየሩ ለሰው ይስማማል። ስለዚህ የእኛ ደጋ አበባ በሚያወጣበት ወራት በጅቡቲ መስክ ባያብብም ሰዉ ያብባል። በር ይከፈታል፤ ልጆች በመንገድ ይጫወታሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋራ በማታ ደጅ ወጥቶ ይጨዋወታል።

አበባ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በየአጥሩ ላይ ሐምራዊና ቀይ ሆኖ የሚንጠለጠለው ቡጋንቪልያ አለ። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን ስሙ ቡጋንቪል ከተባለው የፈረንሳይ መርከበኛ የተወሰደ ነው። አበባ መስሎ የሚታየው ቀለሙ የተለወጠ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹና ነጩ ነው። በየመንገዱ ዳርም ከማዳጋስካር የመጣውና እኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» የምንለው አለ፤ በሙቀቱ ጊዜ እንደ እሳት የሚቀላ አበባውን አራግፎ ረጃጅም ዘንጎቹን ብቻ አንጠልጥሎ አገኘነው። እናታችን እነዚህን ሁሉ ሲያዩ፥ «ሁሉም መጻተኛ ነው» አሉ። በምስጋና ይሁን በነቀፋ ግን አልታወቀም።

የእኅቴ ቤት ባልባላ በተባለው ሰፊ ሰፈር ነው። በብሎኬት የተሠራ፥ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ፥ ሁለት ክፍልና አንድ ትንሽ የአሸዋ ግቢ ያለው ነው። እኅቴ ወለሉን ዐጥባ፥ ደጃፉን አርከፍክፋ፥ ቄጠማ ስላልተገኘ የሰሌን ምንጣፍ ዘርግታ ጠበቀችን። ከደጃፉ ስንደርስ ቆማ እናታችንን ተመለከተች። እናታችንም ተመለከቷት፤ ሳሟት፤ ልጅቱንም አቅፈው አለቀሱ፤ «እንደ ምን ሰነበታችሁ» አሉና ገቡ። የሚጠበቀው ቃል ግን አልወጣም። እኅቴ ምንም ሳትናገር የጠወለገውን አበባ ተቀብላ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆመችው።

በግቢው ጥግ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች አንዲት ነጭ አበባ ነበረች። የጠምበለል ወገን ናት፤ ሽታዋ ግን ይበረታል። አባቶቿ ከየመን የመጡ አንዲት ጎረቤት ቅርንጫፍ ቈርጣ ሰጥታት እኅቴ ራሷ የተከለቻት ናት። የመኖች ይህችን አበባ «ፉል» ይሏታል፤ በክር እየሰኩ በሠርግና በበዓል በአንገት ያስሯታል። የምትከፈተው ሲመሽ ስለ ሆነ እኅቴ ማታ ማታ ውሃ ታጠጣትና አጠገቧ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች። በመጀመሪያው ማታ ባልዋ ለእናታችን ስለ ውሃው አጫወታቸው። በጅቡቲ የሚገኘው የጕድጓድ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ ወረዳ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ሥራ ጀመረ፤ የታቀደውም በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነው። «እንግዲህ እናቴ፥ ይህች አበባ የምትጠጣው የአገርዎን ውሃ ነው» አላቸው። እናታችን ሲኒያቸውን አስቀምጠው፥ «መልካም ነው ልጄ፤ ውሃዋስ መጣች፤ ላሟስ መቼ ትመጣለች?» አሉት።

ሁላችንም ሳቅን፤ ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ነገሩን አጥብቃ ትሰማ ነበር።

ሐሙስ ማታ እናታችን ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጅቱ ቀጥናለች። ይዘናት እንመለስ፤ ትምህርቷንም በአዲስ አበባ ትቀጥል። አንተ ታላቅ ወንድሟ ነህ፤ ንገራት» አሉኝ። እኔም፥ «እናቴ፥ ይህን ቃል ከእኔ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል» አልኋቸው። ጥቂት ቆይቼ ወደ ግቢ ስወጣ እኅቴን በጨለማ ከአበባዋ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። «እማዬ ምን እንዳሰቡ ዐውቃለሁ» አለችኝ። «ስለ ሙቀቱ አልከራከራቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ልጄን ቢወስዷትም ደኅና አድርገው እንደሚያሳድጓት ዐውቃለሁ። ነገር ግን ወንድሜ፥ ባሌ እዚህ ይሠራል፤ እኔ እዚህ አበስላለሁ፤ ልጄ እዚህ ታድራለች። ይህ ቤት ካልተባለ እኛ የት ነው ያለነው?» የምመልስላት አጣሁ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። እኅቴ ቡና ትቈላለች፤ እናታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከብርጭቆ ውሃ የወጣው አደይ አበባ ሊጣል ስላልተቻለ፥ ደርቆ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። በዚህ መካከል ልጅቱ ከደጅ እየጮኸች ገባች። በእጅዋ ገመድ ይዛለች፤ በገመዱ ጫፍ ገና ቀንድ ያላወጣ የፍየል ግልገል አለ። ከሶማሌ ጎረቤታችን ግቢ ያመጣችው ነው። ገመዱን በበሩ መቀርቀሪያ ላይ አሰረችና፥ «አያቴ፥ ይኸው አስረናል! እንቦሳ ማለት የላም ልጅ ነው ብሎ አባባ ነግሮኛል፤ ባልባላ ግን ላም አጣሁ። ይኸኛውም ልጅ ነው። አሁን ይበሉ!» አለች።

ማንም አልተናገረም። እኅቴ መቍያውን ይዛ ቀረች፤ ቡናው ማረር ጀመረ። ግልገሉ ግን የሰዎችን ነገር አያውቅምና፥ ገመዱ እስከ ደረሰለት ድረስ ሄዶ የእናታችንን አደይ አበባ በአንድ ጊዜ ጎረሰው። እናታችን ሊያስጥሉት ብድግ አሉ፤ ከዚያም ቆም ብለው አዩት። ቢጫው አበባ በአፉ ዳር እየታየ ያመነዥካል። «ግልገሉ ገልገለ መስቀሌን በላው!» አሉና ሳቁ። አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ የአማርኛው «ግልገል» እና የትግርኛው «ገልገለ» በድምፅ መንታ ናቸው፤ ከሸመገሉ በኋላ አማርኛን የተማሩት እናታችን ሁለቱን ቋንቋ በአንድ አፍ አገናኟቸው። ሳቃቸው ሲበርድ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ገመዱን ይዛ የቆመችውን ልጅ ተመለከቱ፤ ወደ እኅቴም ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ቤት ለእንቦሳ» አሏት።

እኅቴ መልስ ለመስጠት ድምፅ አልወጣላትም። «እንቦሳ እሰሩ» ብላ የመለሰችው ልጅቱ ናት።

ባለ ግልገሏ ጎረቤት ፍለጋ በመጣች ጊዜ የእኅቴ ባል በሚያውቃት ጥቂት ሶማሊኛ ነገሩን አስረዳት። እርስዋም እጅግ ሳቀች፤ ማታም የግልገሉን እናት አልባ አንድ ጣሳ ወተት ላከችልን። ስለዚህ የእናታችን ምርቃት ከመነገሩ ፍሬው ደረሰ። እናታችን ወተቱን ቀመሱና፥ «ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ግን ወተት ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቱ ጉዳይ ያለ ብዙ ክርክር ተስማማን። ጅቡቲ እንደ እሳት በምትነድበት በክረምቱ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጅቱ ወደ አዲስ አበባ ትወጣለች፤ በጥቅምት ደግሞ እናታችን ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ። እናታችን ስለ አሸዋውና ስለ ሙቀቱ ያላቸውን አሳብ አልለወጡም፤ እስከ ተመለስንበት ቀን ድረስ ሲነቅፉት ነበር። የነቀፉት ግን አገሩን እንጂ ቤቱን አልነበረም። በዚህ ልዩነት እኅቴ ዕረፍት አገኘች። ስንመለስ የየመን ተወላጅ የሆነችው ጎረቤት የፉል አበባ በክር ሰክታ በእናታችን አንገት አሰረችላቸው፤ እርሱም ድሬዳዋ ሳንደርስ ደርቆ ረገፈ። እናታችን ክሩን ግን አልጣሉትም።

ከዚህ የተማርሁትን ለአንባቢ ልንገር። ወገናችንን በሩቅ አገር ልንጠይቅ ስንሄድ የአገራችንን አበባ፥ በርበሬና ቡና ይዘን መሄዳችን መልካም ልማድ ነው፤ አበባ ግን ወጥቶም ወርዶም አይዘልቅም፤ በርበሬውም ያልቃል። ስለዚህ የወሰድነውን አበባ ካስረከብን በኋላ፥ ባለቤቲቱ በራሷ እጅ በቆርቆሮ ውስጥ የተከለችው አበባ ካለ አሳዪኝ ብለን እንጠይቃት፤ ውሃውን ከየት እንደምታመጣ፥ ቅርንጫፉን ማን እንደ ሰጣት ትንገረን። ስለ ሙቀቱና ስለ አቧራው የምንለው ቢኖረን እውነት ነውና ብንናገረው አይጐዳም፤ ዳሩ ግን ደጃፉን ስንረግጥ የሚገባውን ቃል አስቀድመን ብንናገር ነው የሚሻለው። በሥራ ምክንያት ከአገር ወደ አገር የምትዘዋወሩና አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንትም፥ ይህን ቃል ከመዝገበ ቃላት ብቻ አትማሩት፤ አዲስ ቤት የገባ የሥራ ባልደረባችሁን ፈልጋችሁ በደጁ ላይ በሉት። ላም እስክትወልድ አትጠብቁ። እናንተም በተራችሁ ቤት ስትለውጡ «ቤት ለእንቦሳ» የሚል እንግዳ ቢመጣባችሁ፥ መልሱ «እንቦሳ እሰሩ» መሆኑን አትርሱ።